ጭቃና ጭድ፣ ሙጫና ክር፦ የልደታ ግድግዳና ክንፍ

ስሙን ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የወረሰው የልደታ ሰፈር በአዲስ አበባ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በፍርድ ቤቱ፣ በግንቦት 1 ቀን ክብረ በዓሉና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ ነው። ሆኖም ሰፈሩ እንደ አንድ ታሪክ ተያይዞ እምብዛም የማይነገር ሌላ ቅርስ አለው፤ ይኸውም ሁለት ደካማ ነገሮችን አዋሕዶ አንድ ብርቱ ነገር የመሥራት ጥበብ ነው። በዚህ መሬት ላይ በጭድ የተቦካ ጭቃ ለትውልዶች መኖሪያ ሆኗል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች የልደታን ሜዳ መነሻና መድረሻ አድርገዋል፤ የግንባታ ቁሳቁስን በትምህርትና በቤተ ሙከራ የሚመረምረው ቀዳሚ ተቋምም እዚሁ ተተክሏል። ዛሬ ኤፖክሲ የተባለውን ሙጫ ግራፊንን በመሰሉ እጅግ ደቃቅ ነገሮች ለማጠናከር በዓለም ቤተ ሙከራዎች የሚደረገው ጥረት የዚሁ ጥበብ የቅርብ ጊዜ ምዕራፍ በመሆኑ፣ የልደታን ግድግዳ የሚያውቅ ሰው የአዲሱን ሳይንስ ዋና ጥያቄ ሳያውቀው ያውቀዋል ማለት ይቻላል።

በሙያው ሰዎች ዘንድ ኮምፖዚት፣ በአማርኛ ጥምር ቁስ የሚባለው፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ቁሶች አንዱ በሌላው ሳይሟሙና የየራሳቸውን ባሕርይ ሳይለቁ ተጣብቀው በአንድነት ሸክም የሚሸከሙበት ነገር ነው። ከሁለቱ ቅርጹን የሚሰጠውና ሌላውን ዙሪያውን የሚይዘው አቃፊ ሲባል፣ በአቃፊው ውስጥ ተበትኖ ወይም ተነጥፎ የሚስበውን ኃይል የሚቀበለው ደግሞ ማጠናከሪያ ይባላል። የደረቀ ጭቃ ከላይ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ወይም ሲያጎብጡት ግን ወዲያው ይሰነጠቃል፤ ጭድ በአንጻሩ ሲስቡት በቀላሉ አይበጠስም፣ ብቻውን ግን ሊቆም አይችልም። ሁለቱ ሲዋሐዱ በጭቃው ውስጥ የሚጀምረው ስንጥቅ መንገዱ ላይ ጭድ ያጋጥመዋል፤ ጭዱም የስንጥቁን ሁለት ዳር እንደ ድልድይ ይዞ እንዳይሰፋ ያግደዋል። ፈርዖን ለእስራኤል ልጆች የጡብ ጭድ መከልከሉን በኦሪት ዘጸአት ያነበበ ሁሉ፣ ትእዛዙ ያን ያህል የከበደው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይረዳል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የማገዶና የቤት እንጨት ፍለጋው በዙሪያዋ የነበረውን ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስላመናመነው፣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያጸናት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የገባውና ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ የባሕር ዛፉ መስፋፋት ከማገዶ ሌላ የግንባታን ሥርዓት ጭምር ለወጠ። ቀጥ ብሎ የሚያድገው አጠና እንደ ጽድና እንደ ወይራ መጠረብ ሳያስፈልገው ቋሚ፣ ማገርና ወራጅ ሆኖ ስለሚያገለግል፣ በገጠር ክቡ ጎጆ የተሠራበት ዕውቀት በከተማ ወደ ባለ አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ክዳን ቤት ተሸጋገረ። ልደታም እንደ ብዙዎቹ የመዲናዋ ሰፈሮች በዚህ ዓይነት ቤት ተሞላ፤ በኋላ ዘመን በፈረሰ ጊዜም ከመሬት ጋር የተስተካከለው በአብዛኛው ይኸው የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ ነበር።

የጭቃ ቤት አሠራር ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ በቅርብ ሲመረመር ግን በየደረጃው ትክክለኛ ውሳኔ የሚጠይቅ ሙያ ነው። በመጀመሪያ የቤቱ ዙሪያ ተቆፍሮ ቋሚዎቹ ጎን ለጎን ይተከላሉ፤ ወደ መሬት የሚገባው ጫፋቸው ምስጥና እርጥበት እንዳያበላሸው በእሳት ይለበለባል ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ከዚያም ከውስጥና ከውጭ በአግድም ይማገራል፤ ማገሩ በጥንቱ አሠራር በልጥ ሲታሰር በከተማው አሠራር በሚስማር ይመታል። ይህ አጽም ብቻውን ሲታይ ነፋስ የሚያሳልፍ አጥር ነው፤ ጭቃው ግን የሚይዘው ጥርስና የሚሸከመው አከርካሪ የሚያገኘው ከዚሁ አጽም ነው።

ጭቃው የሚዘጋጅበት መንገድ ደግሞ የዚህ ታሪክ እምብርት ነው። አፈሩ ተቆፍሮ ከጓል ይለያል፣ ውኃ ይጠጣል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ በእግርም ይረገጣል፤ ከዚያ ተሸፍኖ ይከርምና እንደገና ይረገጣል፤ ይህም ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንታት ይደጋገማል። አማርኛ ለዚህ ሥራ የመረጠው ቃል ማቡካት መሆኑ የሚያስደንቅ ነው፤ ምክንያቱም የጤፍ ዱቄት እንጀራ ለመሆን በሚቦካበት ቃል የጤፍ ጭድም ግድግዳ ለመሆን ይቦካል፤ አገላለጹም ከምሳሌ ያለፈ እውነት አለው። ጭዱ በእርጥበት ውስጥ ሲከርም ደቃቅ ተሕዋስያን ያላሉታል፤ በዚህ ጊዜ የሚወጡት አጣባቂ ነገሮች የአፈሩን ቅንጣቶች እርስ በርስና ከጭዱ ጋር ያያይዛሉ። ሳይከርም የተመረገ ጭቃ ቶሎ የሚሰነጠቀውና ከማገሩ የሚላቀቀው ስለዚህ ነው። የጤፍ ጭድ ከስንዴና ከገብስ ጭድ የተመረጠበትም ምክንያት አለው፤ ቀጭንና ለስላሳ በመሆኑ በእኩል ክብደት ብዛት ያላቸው ክሮች ስለሚገኙበት በጭቃው ውስጥ በተሻለ ሁኔታ ይሰራጫል። ረጋጩ ማወቅ የሚኖርበት የጭዱን መጠን ብቻ ስላልሆነ፣ የተጓጎለ ጭድ ያለበትን ስፍራ በእግሩ መዳፍ እየፈለገ ይበትነዋል፤ ጭዱ በአንድ ቦታ ከተከማቸ ያ ቦታ ከማጠናከሪያነት ይልቅ ቀዳዳ ሆኖ ስንጥቅ የሚጀምርበት ስፍራ ይሆናልና።

የመጀመሪያው ምርጊት ሻካራ ጭድ የበዛበት ወፍራም ጭቃ ነው። ይህ ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ሙያውም ስንጥቁን አስቀድሞ ያውቀዋል። ግድግዳው በሚገባ ከደረቀ በኋላ ረጥቦ በተነፋ አፈርና በደቀቀ ጭድ የተዘጋጀው ልስን ይከተላል፤ በላዩም በእበት ይለቀለቃል፤ እበትም በከብቱ ሆድ ያለፈ፣ ከጭድ እጅግ የደቀቀ ክር ያለበት ነገር ነው። ከላይ ኖራ ይቀባል፤ አቅም ባነሰበት ቤት ደግሞ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ይለጠፋል። እንግዲህ በአንድ ግድግዳ ውስጥ አጠናው፣ ሻካራው ጭድ፣ ደቃቁ ጭድና የእበቱ ክር በየመጠናቸው ተደራርበው፣ ትልቁ ያላገደውን ስንጥቅ ትንሹ እያገደ ይሠራሉ። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥዕሎቹ በግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ የተሣሉ መሆናቸው ሲታሰብ፣ ንብርን በንብር ላይ አጣብቆ ገጽን የማጽናት ልማድ በሀገሪቱ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ይታያል።

አፈርም ሁሉ አንድ አይደለም። ለምርጊት የሚመረጠው ቀይ አፈር ሲሆን፣ ጥቁሩ ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ የሚያብጥ፣ በበጋ ተጨማትሮ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚፈጥር በመሆኑ ግንበኛ ሁሉ ይሸሸዋል። በኢትዮጵያ ይህ ዓይነቱ ጥቁር አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ይሸፍናል። የዋልካው ባሕርይ የሚመነጨው ውፍረታቸው አንድ ናኖሜትር ገደማ ከሆነ፣ ማለትም ከሜትር ቢሊዮንኛ እጅ ከማይበልጥ፣ የሸክላ ማዕድን ስስ ቅጠሎች ነው፤ ውኃ በቅጠሎቹ መካከል እየገባ ሲያራርቃቸው አፈሩ ያብጣል። ግንበኛው የሚሸሸው ይህ ማዕድን በዚህ ታሪክ መጨረሻ አካባቢ በሌላ ክብር ይመለሳል።

የጭቃ ግድግዳ በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል፣ በዝናብ የታጠበው ልስን ይታደሳል፣ የወለሉና የግድግዳው ልቅለቃ ይደገማል፤ ይህ ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ሲሆን በሙያነት መዝገብ ሳይጻፍ የኖረ ሙያ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ በልደታም ሆነ በሌሎች የመዲናዋ አሮጌ ሰፈሮች እጅግ ብዙ የኪራይ ቤቶች ወደ ቀበሌ ተላለፉ። ኪራዩ ለድኻው እፎይታ ሰጠ፤ ነገር ግን ገቢው ለጥገና የሚበቃ አልነበረም፣ ተከራዩም የራሱ ያልሆነውን ቤት በገንዘቡ እንዲያድስ የሚያበረታታው ነገር አነስተኛ ነበር። በመሆኑም ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ የተጎሳቆሉት ግድግዳዎች የጭቃ ቤት ደካማነት ማስረጃ ተደርገው ሲቀርቡ፣ ክርክሩ አንድ ትልቅ ነገር ዘነጋ፤ የወደቀው ቁሱ ሳይሆን ቁሱን በየዓመቱ ያቆመው ልማድ ነበር። በየትኛውም ዘመን የተሠራ ጥምር ቁስ፣ አውሮፕላንም ቢሆን፣ ያለ ጥገና አይኖርም።

ሕዝብ ሕንፃ ኮሌጅ ብሎ የሚያውቀው ተቋም በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር እ.ኤ.አ. በ1954 ተመሥርቶ በልደታ ሲቋቋም፣ በዙሪያው ያለው ሰፈር በጭቃና በጭድ ይኖር ነበር። ተቋሙ ሀገሪቱ የምትፈልጋቸውን የግንባታ ባለሙያዎች አሠለጠነ፤ ኋላም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃሎ ዛሬ የኢትዮጵያ ሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ይባላል። የዘመኑ ተስፋ ሲሚንቶና ብረት ነበር። የአርማታ ምሰሶም ራሱ ጥምር ቁስ ነው፤ ሲጫኑት የሚችለው ሲስቡት የሚሰነጠቀው ኮንክሪት አቃፊ፣ ፌሮው ብረት ደግሞ ማጠናከሪያ ነው፤ ሐሳቡ ከጭቃና ከጭድ ሐሳብ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2010 በዚሁ ግቢ ውስጥ ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር በተጠቀጠቀ አፈርና በስስ የአፈር ጡብ ቅስት የተሠራው ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት፣ አፈር ወደ ምሁራን ጠረጴዛ እንደተመለሰ አሳይቷል። በተመሳሳይ ዓመታት ከግቢው ውጭ ያለው አሮጌ ልደታ እየፈረሰ በአርማታና በብሎኬት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ይተካ ነበር። ብዙ ቤተሰብ ውኃና መጸዳጃ ያገኘበት ለውጥ በመሆኑ በቀላሉ ሊነቀፍ አይገባም፤ ነገር ግን የአፈሩን ዓይነት፣ የጭዱን መጠንና የመክረሚያውን ቀናት በእግራቸውና በእጃቸው የሚያውቁ ሰዎች ከቤቶቹ ጋር ሲበተኑ፣ ዕውቀታቸው በቁጥር ተመዝግቦ ቢቆይ ኖሮ ለዛሬው ተመራማሪ ምን ያህል በጠቀመ ነበር።

የልደታ ሁለተኛው ታሪክ የሜዳው ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ አውሮፕላን ያየችው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ የተባለው የፈረንሳይ ሥሪት ከአዲስ አበባ ምዕራብ ባረፈ ጊዜ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ፀሐይ የተባለችውን አውሮፕላን በሀገር ውስጥ ሠራ፤ ይህችው አውሮፕላን በወረራው ወደ ጣሊያን ተወስዳ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። የዚያ ዘመን ቀላል አውሮፕላን ክንፍ ጨርቅ ነበር፤ በእንጨት ወይም በብረት አጽም ላይ የተወጠረው ጨርቅ በቫርኒሽ መሰል ፈሳሽ ተቀብቶ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ይጠነክራል። አጽም፣ ክርና አጣባቂ ያሉበት ስለሆነ፣ ከማገርና ከምርጊት ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው።

በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያሰማራው ሲ-47 የተባለውን ዳግላስ ሲሆን፣ የቦሌ ማረፊያ እስኪሠራ ድረስ የአየር መንገዱ ቤት ልደታ ነበር። የዚህ አውሮፕላን አካል በሪቬት የተያያዘ የአልሙኒየም ቆርቆሮ ነው፤ የጭራውና የክንፉ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ግን አሁንም ጨርቅ ለብሰው ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ክንፍ የሚያነሣው ክብደት ያንሳል፣ ሞተርም ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ በሌላ ከተማ እንደ ትርፍ የሚቆጠር የክብደት ቅነሳ እዚህ መንገደኛና ጭነት ማለት ነው። አየር መንገዱ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ቦይንግ 720 ጄቶችን ሲያስገባ የልደታ ሜዳ ለእነርሱ ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ፤ ሜዳው ግን ኦልድ ኤርፖርት የሚለውን ስም ለጎረቤቱ አካባቢ ትቶለት፣ አካባቢው እስከ ዛሬ ይጠራበታል።

ኤፖክሲ በዚህ ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በስዊዘርላንድ ፒየር ካስታን፣ በ1940ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ ሲልቫን ግሪንሊ ያዳበሩት ይህ ሙጫ ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ነው፤ ሬዚን የሚባለው አንዱ ፈሳሽ ማጠንከሪያ ከሚባለው ከሌላው ጋር ሲገናኝ ሞለኪውሎቹ በየአቅጣጫው ተያይዘው እንደ መረብ ይገነባሉ። መረቡ አንዴ ከተያያዘ ሙቀት አያቀልጠውም፣ ውኃም አያሟሟውም። በዚህ ሙጫ ውስጥ የካርቦን ክር ሲነጠፍ፣ ክሩም ከሰው ፀጉር አሥር እጅ ያህል የሚቀጥን ሲሆን፣ የሚገኘው ነገር ከአልሙኒየም የቀለለና በክሩ አቅጣጫ ከብረት ጋር የሚወዳደር ነው። ነገር ግን ኤፖክሲ እንደ ደረቅ ጭቃ ተሰባሪ ነው፤ ጥንካሬው እንዳለ ሆኖ ስንጥቅ ከጀመረበት በቀላሉ ይሮጥበታል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከጥምር ቁስ የተሠራ ነው፤ ከእርሱ በፊት በነበረው በ777 ላይ ይህ ድርሻ 12 በመቶ ገደማ ነበር። በሰኔ 2008 ዓ.ም. የገባው ኤርባስ ኤ350 ደግሞ 53 በመቶ ያህል ነው። የካርቦን አካል በተደጋጋሚ መነፋትና መጨመቅ እንደ አልሙኒየም ስለማይዝል፣ የ787 የውስጥ አየር በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው እንዲተነፍስበት ተደርጎ ይያዛል፤ በቀደሙት አውሮፕላኖች ግን እስከ 2,400 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ ቁጥር ለአዲስ አበባ ሰው ልዩ ትርጉም አለው፤ ከልደታ ተነሥቶ በ787 የሚሳፈር መንገደኛ በሰማይ ላይ ሆኖ ከቤቱ ዝቅ ባለ ከፍታ የሚገኝ አየር ይተነፍሳል።

የካርቦን ጥምር ቁስ ድካሙ በንብሮቹ መካከል ነው። ክሮቹ በየንብራቸው ብርቱዎች ናቸው፤ በሁለት ንብር መካከል ግን ያለው ሙጫ ብቻ ስለሆነ፣ የወደቀ መሣሪያ ወይም በረዶ ሲመታው ከላይ ምልክት ሳያሳይ ውስጥ ውስጡን ልስን እንደተላቀቀ ግድግዳ ሊላጥ ይችላል። ናኖ ማጠናከሪያዎች፣ ማለትም ቢያንስ አንደኛው ልካቸው በናኖሜትር የሚቆጠር ደቃቅ ነገሮች፣ የሚፈለጉት ክሩ የማይደርስበትን ይህን ቦታ ለማጠንከር ነው። የካርቦን ናኖ ቱቦዎች፣ የሲሊካ ብናኝ፣ የሸክላ ቅጠሎችና ግራፊን ከእነዚህ መካከል ናቸው፤ ልስኑ ውስጥ የገባው የእበት ክር ምርጊቱ ውስጥ ካለው ጭድ ጋር ያለው ግንኙነት እነዚህም ከካርቦኑ ክር ጋር ካላቸው ግንኙነት ጋር ይመሳሰላል።

ግራፊን የአንድ አተም ውፍረት ብቻ ያለው የካርቦን ገጽ ነው። በእርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት የዚህ ገጽ ቁልል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ አንዱን ገጽ በተለጣፊ ፕላስተር ለይተው በማውጣታቸው በ2010 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲለካ የግትረት መጠኑ 1,000 ጊጋፓስካል ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፤ የኤፖክሲ ግትረት ደግሞ 3 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው። የገጽ ስፋቱም እጅግ ያስገርማል፤ አንድ ግራም ግራፊን ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ቢነጠፍ 2,630 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ይህም አንድ ገበሬ በአንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰውን ጥማድ ያህላል። ማጠናከሪያው የሚሠራው ከአቃፊው ጋር በሚገናኝበት ገጽ በመሆኑ፣ በትንሽ መጠን ብዙ ለውጥ የሚጠበቅበት ምክንያት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት በኤፖክሲ ላይ ከክብደቱ 0.1 በመቶ ብቻ የግራፊን ቅጠል ሲጨመር ግትረቱ 31፣ ሲስቡት የሚችለው ኃይል 40፣ ስንጥቅን የመቋቋም አቅሙ 53 በመቶ ጨምሯል።

ይህ ውጤት ግን በጨመሩ ቁጥር የሚጨምር አይደለም፤ እዚህ ላይ ረጋጩ በእግሩ የሚያውቀው ችግር በድጋሚ ይነሣል። የግራፊን ገጾች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ በሙጫው ውስጥ እንደ ክፉ ገንፎ ይጓጎላሉ፤ የተጓጎለው ክምችትም ስንጥቅ የሚጀምርበት ስፍራ ይሆናል። ተመራማሪዎች በድምፅ ሞገድ ያናውጡታል፣ በተጠጋጉ ሮለሮች መካከል ያሳልፉታል፣ በሟሚ ፈሳሽ ይበትኑታል፤ ሥራው ከረገጣ የተለየ መሣሪያ እንጂ የተለየ ዓላማ የለውም። ሁለተኛው ችግር መያያዝ ነው። ንጹሕ ግራፊን ለሙጫው ባዕድና ለስላሳ በመሆኑ፣ ኦክስጅን ያዘሉ ቅርንጫፎች በገጹ ላይ እንዲበቅሉ ተደርጎ ግራፊን ኦክሳይድ ወደሚባለው ይለወጣል፤ ቅርንጫፎቹም የኤፖክሲውን መረብ ይይዛሉ፤ ግራፋይት ኦክሳይድን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘጋጀው እንግሊዛዊው ብሮዲ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1859 ነው። ጭዱን በጭቃ ውስጥ ማክረምም ለዚሁ መያያዝ የተደረገ ነበር።

ቀደም ሲል የተነሣው የዋልካ ማዕድን በዚህ ቦታ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የቶዮታ ተመራማሪዎች ሞንትሞሪሎናይት የተባለውን፣ በሚያብጥ ጥቁር አፈር ውስጥ በብዛት የሚገኘውን ሸክላ፣ ገጽ በገጽ አለያይተው በናይለን ውስጥ በትነውታል፤ ከ5 በመቶ በማይበልጥ ሸክላም ናይለኑ በጫና ሥር ሳይጎብጥ የሚችለው ሙቀት ከ65 ወደ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከፍ ብሏል። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሸክላ በኤፖክሲ ውስጥም በሰፊው ተሞክሯል። ውኃ ሲገባ ቅጠሎቹ የሚራራቁበት፣ ቤት የሚሰነጥቀው ባሕርይ፣ ሙጫው በቅጠሎቹ መካከል እንዲገባና እንዲበትናቸው የሚያስችለው ባሕርይ ራሱ ነው። በሚሊዮን ሄክታር የሚቆጠር ጥቁር አፈር ያላት ሀገር ይህን ማወቋ፣ አፈሯን እንደ ችግር ብቻ ከማየት ነጻ ሊያወጣት ይገባል። በሀገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች የእንሰትና የሲሳል ቃጫን በኤፖክሲና በመሰል ሙጫዎች ውስጥ የመሞከር ጥናት መካሄዱም በዚሁ መንገድ ላይ የተደረገ እርምጃ ነው።

የጥምር ቁስ አውሮፕላን ድካምም ብርታትም በኢትዮጵያ ስም በተመዘገበ አውሮፕላን ላይ በይፋ ተፈትኗል። በባትሪ ችግር ምክንያት በዓለም ዙሪያ ከበረራ የታገዱትን 787ዎች አየር መንገዱ ከሁሉ ቀድሞ በሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ወደ በረራ ቢመልስም፣ ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ በኋላ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ በለንደን ሂትሮ ማረፊያ ባዶውን ቆሞ የነበረው፣ ኢቲ-ኤኦፒ ተብሎ የተመዘገበው የአየር መንገዱ 787 በጀርባው የኋላ ክፍል ተቃጠለ። የብሪታንያ መርማሪዎች የእሳቱ መነሻ በአደጋ ጊዜ ምልክት በሚያስተላልፍ መሣሪያ ውስጥ ያለ የሊቲየም ባትሪ መሆኑን አረጋገጡ፤ በተጨማሪም በጥምር ቁሱ ውስጥ ያለው ሙጫ በሙቀት ሲበሰብስ እሳቱን እየመገበ በዝግታ እንዳስቀጠለው ጻፉ። ክሩ በቀላሉ የማይነድድ ቢሆንም አቃፊው ይነድዳል፤ ናኖ ሸክላና ግራፊን ሙጫው በሚቃጠልበት ጊዜ በላዩ የከሰል ቅርፊት እንዲፈጠር በማገዝ እሳቱን ያዘገዩ እንደሆነ የሚመረመረውም ለዚህ ነው። አውሮፕላኑ ተጠግኖ በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት መጨረሻ ወደ አገልግሎት ተመልሷል።

የጥምር ቁስ ጥገና ራሱ የለሳኝን እጅ የሚያስታውስ ሥራ ነው። ባለሙያው የተጎዳውን ቦታ በቀጥታ አይደፍነውም፤ ዙሪያውን በቀስታ እያሻገረ፣ ንብር በንብር ደረጃ እየሠራ፣ ሰፊ ተዳፋት እስኪሆን ይፍቀዋል፤ ያጸዳዋል፣ ያደርቀዋል፣ ከዚያም አዲሶቹን ንብሮች እንደየክራቸው አቅጣጫ እያነጠፈ በአየር መምጠጫና በሙቀት ያጸናቸዋል። የጭቃ ለሳኝም አሮጌውን ልስን ሳይቧጥጥና ውኃ ሳያጠጣው አዲሱን አይለጥፍም፤ ካለዚያ በመጀመሪያው ክረምት ይላጣል። ልዩነቱ በመጨረሻው ላይ ነው። በልደታ የፈረሰ የጭቃ ግድግዳ ውኃ ቢያገኝ እንደገና ይለሰልሳል፤ አፈሩ ሌላ ግድግዳ ይሆናል ወይም ወደ መሬቱ ይመለሳል፤ አጠናውም ማገዶ ይሆናል። የኤፖክሲ መረብ ግን አንዴ ከተያያዘ ወደ ፈሳሽነት ስለማይመለስ፣ የበረራ ዘመናቸውን የሚጨርሱት የካርቦን ክንፎች ክራቸው ከሙጫቸው የሚለየው ሙጫውን በከፍተኛ ሙቀት በማቃጠል ወይም በብርቱ ኬሚካል በመበተን ነው፤ ክሩም ከዚያ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የተቆራረጠና ከቀድሞው የደከመ ሆኖ ይገኛል።